የሩቁ ባሕርና የቅርቡ ጎረቤት

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ባሕር የሌለው አገር ሰው ስለ ባሕር መማሩ ምን ይጠቅመዋል ብለህ ብትጠይቀኝ አልፈርድብህም። እኔም በልጅነቴ ይህንኑ ጠይቄአለሁ። የተወለድሁት በከሚሴ አቅራቢያ፣ በጨፋ ሜዳ ዳር ነው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በእኛ አገር ትልቅ ውሃ የሚባለው ቦርከና ነው፤ እርሱም ጨፋን አርሶ፣ ለከብት ሣር አብቅሎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽም ቢሆን ባሕር አይደርስም፤ የአፋርን ምድር ዞሮ በጅቡቲ ወሰን ላይ በአቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ ውሃችን እንኳ ባሕርን ሳያይ የሚቀር ከሆነ እኛ ስለ ባሕር ምን አገባን?

ዳሩ ግን ዕድሜዬ እየገፋ፣ መጽሐፍም እያነበብሁ ስሄድ አሳቤ ተለወጠ። የእኛ ውሃ ወደ ባሕር ባይሄድም ባሕሩ ግን ወደ እኛ ይመጣል። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው የበልግ ዝናብ አብዛኛው በነፋስ ተጭኖ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ እርጥበት ነው። የክረምቱም ዝናብ ቢሆን ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕር፣ በምዕራብም በኩል ከአፍሪካ ደኖችና ከአትላንቲክ የሚነሣው እርጥበት ተባብሮ የሚያመጣው ነው። ስለዚህ የጨፋ ገበሬ ባሕርን በዓይኑ ሳያይ በየዓመቱ ከባሕር እጅ ይበላል። ከሰው እጅ የሚበላ ደግሞ የዚያን ሰው ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ይህን የምጽፈው የባሕሩን ጠባይ ለመንገር ብቻ አይደለም። ይህን ጠባይ ዐውቆ ዝም ማለት ምን ያህል ጥፋት እንደሆነ በራሴ ላይ ስላየሁት ነው።

በ1976 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። በእኛ አገር ማሽላ የሚዘራው በበልጉ ዝናብ፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ በክረምት ያድጋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። ስለዚህ በልግ ሲቀር የሚቀረው የበልግ እህል ብቻ አይደለም፤ የመኸሩም ማሽላ ከሥሩ ይጎዳል። በዚያ ዓመት የካቲት አለፈ፤ መጋቢትም ገባ፤ ሰማዩ ግን እንደ ጋለ ምጣድ ሆኖ ቀረ። አያቴ ጎሕ ሲቀድ ከቤት ይወጣና ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ነፋሱን በጉንጩ ይለካ ነበር። እርጥበት ያገኘበት እንደሆነ ፊቱ ይፈካል፤ ደረቅ የሆነ እንደሆነ ግን ምንም ሳይናገር ተመልሶ ይገባል። ሽማግሎቹ ተሰብስበው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ወዳጃ አደረጉ፤ ዝናብም ለመኑ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአፋር በኩል ደመና ተሰበሰበና እኛ ልጆች በደስታ ጮኽን። ነገር ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ደመናው ተበታተነ። አያቴም እጄን ይዞ፣ «ልጄ፣ ደመናችንን ሌላ አገር ጠራው» አለኝ።

የተዘራው ማሽላ በቅሎ ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ፤ ያልተዘራውም ዘር ተበላ። ክረምቱም ሲገባ እንደ በልጉ ሆነ። በበጋ ጊዜ ከአፋርና ከዙሪያው ሁሉ ከብት የሚሰበሰብበት የጨፋ ሣር እስከ ሥሩ ተጋጠ። በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ በአውራ ጎዳናው ላይ ከሰሜን የሚመጣው ሰው በዛ፤ ሕፃን ያዘለች እናት ስታልፍ እናቴ የምትሰጣት አጥታ ፊቷን ትመልስ ነበር። አያቴ የሚቀጥለውን በልግ አላየም።

ደመናውን የጠራው ሌላ አገር ማን እንደሆነ ያነበብሁት ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ እኔም የጂኦግራፊ መምህር ከሆንሁ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት በሕንድ ውቅያኖስ ደቡብ ምዕራብ ክፍል ብርቱ ዐውሎ ነፋሶች ተነሥተው ነበር። በጥር 1976 ዓ.ም. ዶሞይና የተባለው ማዳጋስካርንና ሞዛምቢክን አልፎ እስከ ስዋዚላንድና እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ አገሩን በጎርፍ አጥለቀለቀው። በሚያዝያ መጀመሪያ ደግሞ፣ አያቴ ነፋሱን በጉንጩ በሚለካበት ሰሞን፣ ካሚሲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከከሚሴ 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በማዳጋስካር ሰሜናዊ ጫፍ የአንጺራናናን ከተማ አፈረሰ፤ ደሴቲቱንም አቋርጦ በባሕሩ ላይ እንደገና ከበረታ በኋላ የማሃጃንጋን ወደብ መታ።

ስሙን ሳነብ ደነገጥሁ። በማዳጋስካር ቋንቋ ሐሙስ «አላካሚሲ» ይባላል፤ በኦሮምኛም «ከሚሳ» ነው፤ ሁለቱም ከዐረብኛው «ኸሚስ» የወጡ ቃላት ናቸው። የዐውሎ ነፋሱም የከተማዬም ስም ከዚሁ ቃል ጋር ይመሳሰላል። የስም መመሳሰል ምንም አያስረዳም፤ እኔም አስረጅ አድርጌ አላቀርበውም። ነገር ግን ያን ቃል ወደ ማዳጋስካርም ወደ እኛም አገር ያደረሱት ነጋዴዎች በባሕር ነፋስ ተገፍተው የተጓዙ ሰዎች ነበሩና፣ ነፋሱ ከዝናብ በቀር ሌላም ነገር እንደሚያመላልስ አስታወሰኝ።

እንዲህ ያለው ዐውሎ ነፋስ የሚወለደው የባሕሩ ገጽ እስከ 26 ወይም 27 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ሞቃቱ ውሃ ይተናል፤ እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን በውስጡ የነበረውን ሙቀት ይለቃል፤ ያ ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ በታች የጎደለውንም ቦታ ለመሙላት ከዙሪያው እርጥብ አየር እየተሽከረከረ ይገባል። እንግዲህ ወደ እኛ ሊመጣ የሚችለው የሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ወደዚያ ይሳባል፤ በዚያም ዘንቦ ይቀራል። ኢትዮጵያዊው የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ዱላ ሻንቆና ፈረንሳዊው ፒዬር ካምበርላን ይህን ነገር መርምረው እ.ኤ.አ. በ1998 ጽፈዋል። በዚያ የባሕር ክፍል ዐውሎ ነፋስ በሚበዛባቸው ዓመታት የበልጋችን ዝናብ የማነስ ዝንባሌ እንዳለው አሳይተዋል። ያ ሁሉ ጥፋት ከአንድ ዐውሎ ነፋስ መጣ ማለት አይደለም፤ የዝናብ ምክንያቱ ብዙ ነውና። ነገር ግን አያቴ ፊደል ሳይቆጥር የተናገረው ቃል ከተማሩት ሰዎች ምርመራ ጋር መስማማቱን ሳይ ለሽማግሎቻችን ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

አሁን ደግሞ ሰዎች ይህን የባሕር ጠባይ እንዴት እንዳወቁት እንመልከት። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መርከበኞች ናቸው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ መርከበኞች ነፋሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ፊቱን እንደሚያዞር ያውቁ ነበር። ከግብፅ የሚነሡት በሐምሌ ወጥተው በደቡብ ምዕራብ ነፋስ ወደ ሕንድ ይሄዱ ነበር፤ በበጋም በሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይመለሱ ነበር። በአክሱም መንግሥት ዘመን የእኛው ወደብ አዱሊስ በዚህ ነፋስ ንግድ የከበረች ነበረች፤ የዝሆን ጥርስ ከዚያ ይወጣ፣ የሕንድም ዕቃ ወደዚያ ይገባ ነበር። ዐረቦች ለመርከብ ጉዞ የሚመቸውን ወራት «መውሲም» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ወቅት ማለት ነው። የዛሬው «ሞንሱን» የሚለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። አሕመድ ኢብን ማጂድ የተባለው ዐረብ መርከበኛ እ.ኤ.አ. በ1490 አካባቢ ከየትኛው ወደብ በየትኛው ጊዜ መነሣት እንደሚገባ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ሰውየው ዕውቀቱን ከራሱ ጋር ይዞት አልሞተም፤ ለማያውቃቸው መርከበኞች ተወው።

ከዚያም በኋላ ሄንሪ ፒዲንግተን የተባለ በካልካታ የሚኖር እንግሊዛዊ የብዙ መርከቦችን የጉዞ መዝገብ ሰብስቦ የውቅያኖሱ ዐውሎ ነፋስ ክብ ሆኖ እንደሚዞር አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1848 ባሳተመው መጽሐፍም የእባብን ጥቅልል ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ወስዶ «ሳይክሎን» የሚል ስም ሰጠው። በሞሪሸስ ደሴትም ቻርልስ ሜልድረም የተባለው መምህር ወደ ወደቡ ከሚገቡት መርከቦች መዝገብ የነፋሱን መንገድ እያወጣ ያጠና ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። አንድ መርከበኛ ብቻውን የሚያየው በራሱ ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ ነው። የዐውሎ ነፋሱ መልክ የታወቀው ግን እያንዳንዱ ያየውን ለሌላው ስለ ነገረ ነው። የባሕር ትንበያ መጀመሪያው መሣሪያ ሳይሆን የሰዎች መነጋገር ነበር።

ከሁሉም የሚያስተምረኝ የአድሚራል ሮበርት ፊጽሮይ ታሪክ ነው። ይህ ሰው ዳርዊን በወጣትነቱ ዓለምን የዞረባት የቢግል መርከብ አዛዥ የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ በእንግሊዝ አገር አጠገብ በማዕበል ተሰብራ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። ፊጽሮይም ማዕበሉ አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር ብሎ ተነሣ። ከልዩ ልዩ ወደቦች በቴሌግራም የአየሩን ሁኔታ እየተቀበለ እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ ለወደቦች የማዕበል ማስጠንቀቂያ ላከ፤ በወደቡም ምልክት በእንጨት ላይ ይሰቀል ነበር። ትንበያው አንዳንድ ጊዜ ይሳሳት ስለ ነበር ሊቃውንቱም ጋዜጦቹም ተዘባበቱበት። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1865 አዝኖ ሞተ። ከሞተ በኋላ ትንበያው በቂ ሳይንስ የለውም ተብሎ ማስጠንቀቂያው ቆመ። ነገር ግን በባሕር ላይ የሚኖረው ሕዝብ፣ ፍጹም ባይሆንም እንኳ ይጠቅመናል ብሎ አጥብቆ ስለ ጠየቀ እ.ኤ.አ. በ1867 እንደገና ተጀመረ። የሚስቅበት በደረቅ ምድር የተቀመጠው ነበር፤ የሚፈልገው ግን ነፍሱ በማዕበሉ እጅ ያለችው ነበር።

በዚያው ዘመን በሕንድ አገር እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1878 ታላቅ ረኃብ ሆነ። ከዚያም የተነሣ ሄንሪ ብላንፎርድ የሚመጣውን የዝናብ ወቅት አስቀድሞ ለመገመት ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1904 የተሾመው ጊልበርት ዎከር ደግሞ ከዓለም ዙሪያ የአየር መዝገብ ሰብስቦ በሒሳብ አመሳከረ። ካመሳከራቸውም ነገሮች አንዱ የዓባይ ወንዝ ሙላት ነበር። የዓባይ ሙላት ማለት የእኛው የደጋ ዝናብ ማለት ነውና፣ እኛ ሳናውቀው የእኛ ሰማይ ለሕንድ ገበሬ ምስክር ሆኖ ይጠራ ነበር። ዎከር በብዙ ድካም በሕንድ ውቅያኖስና በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለው የአየር ክብደት እንደ ሚዛን አንዱ ሲወርድ ሌላው እንደሚወጣ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1969ም ያዕቆብ ቢየርክኔስ የተባለው ኖርዌያዊ ሊቅ ይህ ሚዛን በፔሩ ዳርቻ ከሚታየው የባሕር መሞቅ ጋር አንድ መሆኑን አስረዳ። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ይህን ሙቀት በገና ሰሞን ስለሚያዩት ሕፃኑን ኢየሱስን አስበው «ኤልኒኖ»፣ ማለት «ሕፃኑ»፣ ብለውት ነበር። በኤልኒኖ ዓመት የሰሜንና የምሥራቅ ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ያንሳል።

አሁን የእኛን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልከት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ዘመን በኤልኒኖ ድርቅ ጀመረ፤ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ወረርሽኝም በሬውን ጨርሶ ገበሬውን ባዶ እጁን አስቀረው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኤልኒኖ ሆነ፤ የ1965 ዓ.ም.ም የወሎ ረኃብ ተከተለ። ያ ረኃብ ከውጭ አገር ሰዎች ብቻ ሳይሆን ከገዛ አገሩ ሕዝብም ተደብቆ ቆየ፤ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በተገለጠ ጊዜ ግን የመንግሥቱን መውደቅ ካፋጠኑት ነገሮች አንዱ ሆነ። ባሕሩ ድርቅን ያመጣል፤ ድርቁን ረኃብ የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው።

የ1976 ዓ.ም. ነገር ይህንኑ ይመሰክራል። በመጋቢት ወር፣ በልጉ ገና በመቅረት ላይ ሳለ፣ የዕርዳታ ማስተባበሪያና መቋቋሚያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለአደጋ እንደሚጋለጥ ለዓለም አስታውቆ ነበር። በማዳጋስካርም በኩል የዐውሎ ነፋሱ መምጣት በራዲዮ ይነገር ነበር። እንግዲህ ቃሉ ነበረ፤ የጠፋው ሰሚው ነው። ጦርነቱ መንገዱን ዘጋ፤ የእህሉም ዝውውር በቁጥጥር ታሰረ፤ ባለጸጎች መንግሥታትም ጆሮ ነፈጉ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ወጪ ሲከበር በወሎ መንገድ ላይ ሰው ይወድቅ ነበር። ዓለም የነቃው በጥቅምት ወር የኮረም መጠለያ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። የሞተው ሰው ከአራት መቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ይህን ነው።

ሆኖም ሰው ከጥፋቱ ይማራል። እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1983 የነበረውን ብርቱ ኤልኒኖ ሊቃውንቱ ራሳቸው ከበረታ በኋላ ነው ያወቁት። በዚህ አፍረው እ.ኤ.አ. እስከ 1994 ድረስ በፓስፊክ ወገብ ላይ 70 ያህል ተንሳፋፊ መለኪያዎችን ከባሕሩ ወለል ጋር አስረው ተከሉ፤ እነርሱም የውሃውን ሙቀትና የነፋሱን ኃይል በሳተላይት በኩል ይነግራሉ። በእኛም አገር በ1973 ዓ.ም. የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ራሱን ችሎ ተቋቁሞ ነበርና፣ በ1979 ዓ.ም. ባለሙያዎቹ የፓስፊክን መሞቅ ተመልክተው የክረምቱ ዝናብ ሊያንስ እንደሚችል አስቀድመው አመለከቱ። እንግዲህ ባሕር የሌላት አገር ባሕርን ማንበብ ጀመረች ማለት ነው።

እስካሁን የሌሎችን ጥፋት ቆጠርሁ። አሁን የራሴን ልናገር። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ክፉኛ ዘገየ። በዚያው ጊዜ በፓስፊክ ላይ ብርቱ ኤልኒኖ መነሣቱን፣ ክረምቱም እንደሚያሠጋ በራዲዮ ሰማሁ። እኔም ይህን ነገር በማስተምርበት ክፍል በጠመኔ ሥዬ፣ ቀስቱን ከግራ ወደ ቀኝ አዙሬ ለተማሪዎቼ አስረዳኋቸው፤ ፈተናም አወጣሁበት። ጎበዞቹ ከዐሥር ዐሥር አገኙ። በየማታውም ወደ ቤቴ ስመለስ በጎረቤቴ አጥር ሥር አልፍ ነበር። ጎረቤቴ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ሁለት በሬና ሦስት ላም የነበረው ገበሬ ነው። «ደኅና ዋልህ መምህር» ይለኝ ነበር፤ እኔም «ደኅና፣ እግዜር ይመስገን» ብዬ አልፍ ነበር። ስለ ባሕሩ አንዲት ቃል አልነገርሁትም። ክፋት ኖሮብኝ አይደለም። ይህ የትምህርት ቤት ነገር ነው፣ ለገበሬ ምኑ ነው ብዬ አስቤ ነው። ወይም ምናልባት ትንበያው ቢሳሳት ይሥቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

እርሱም እንደ ልማዱ ብዙ ወር የሚቆየውን ማሽላ ዘራ። ቢነገረው ኖሮ ቶሎ የሚደርሰውን ማሾ ወይም ጤፍ ሊዘራ፣ አንዲቱንም ላም ገና ሥጋ ሳለባት በሰንበቴ ወይም በባቲ ገበያ ሊሸጥ ይችል ነበር። ክረምቱ አነሰ፤ ማሽላው ሳያፈራ ቀረ። ሁሉም ከብቱን ባንድ ጊዜ ሲያወጣ ገበያው ወደቀ። ከአምስቱ ከብቶቹ አንዲት ላም ብቻ ተረፈችለት። አንድ ቀን ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁትና አጽናናው ጀመር፤ እንደ ተማረ ሰውም ስለ ኤልኒኖ ላስረዳው ሞከርሁ። ዝም ብሎ ሰማኝና፣

«መምህር፣ ይህን ነገር ሳይመጣ ታውቀው ኖሯል?» አለኝ።

«ዐውቅ ነበር» አልሁት።

«ለልጆቹ ነግረሃቸዋል፤ ለእኔ ግን አጥሩ ከለከለህ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረም። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት በአገሪቱ የአስቸኳይ ምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መድረሱ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ተነገረ። ይሁን እንጂ አስቀድሞ የተዘረጋው የሴፍቲኔት ዕርዳታ፣ የመንግሥትም የለጋሾችም እህል ስለ ደረሰ እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልሆነም። መንግሥትን የሚያክል ነገር ሰምቶ ሲነሣ እኔ አንድ አጥር መሻገር አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ ልማዴን ለወጥሁ። በበልግና በክረምት መግቢያ ላይ የሚወጣውን ትንበያ ሰምቼ ለጎረቤቶቼ በአማርኛም በኦሮምኛም እነግራለሁ። ይህንም ልማድ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሕሩ ራሱ ፈተነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት ዐውሎ ነፋሶች ከዐረብ ባሕር ተነሥተው የዐረቢያን በረሃ በዝናብ አርሰውት ነበር። ሰው በማይደርስበት በዚያ አሸዋ ውስጥ የበረሃ አንበጣ ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ፤ በየመንም በኩል አልፎ ወደ አፍሪካ ቀንድ ገባ። መንጋው ወደ ምሥራቅ አማራ ሲቃረብ ማስጠንቀቂያውን ሰምቼ ያን ዕለት ማታውኑ የጎረቤቴን አጥር ተሻገርሁ። እርሱም ልጆቹን ጠርቶ የደረሰለትን ጤፍ በሁለት ቀን አጨደ፤ እኔም አብሬ አጨድሁ። መንጋው በመጣ ጊዜ ልጆች ቆርቆሮ እየመቱ፣ ጅራፍ እያጮኹ ተከላከሉ፤ ሆኖም ያልደረሰው ማሽላ ተበላ። ሁሉን አላዳንም፤ ነገር ግን ጤፉ ጎተራ ገብቶ ነበር። ጎረቤቴም ከዚያ ጤፍ የተጋገረ እንጀራ ወደ ቤቴ ላከልኝ። ለእኔ ይህ ከምስክር ወረቀቶቼ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ነገር ግን ልጄ ሆይ፣ ትንበያ ትንቢት እንዳይመስልህ ተጠንቀቅ። የአየር ጠባይ ባለሙያ ስለሚመጣው ወቅት ሲናገር ዝናቡ ከመደበኛው በታች፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛው በላይ የመሆኑን ዕድል በመቶኛ ይነግርሃል እንጂ፣ በአንተ ማሳ ላይ በዚህ ቀን ይጥላል አይልህም። አንድ ዓመት ዝናቡ ሊያንስ ይችላል ብዬ ተናግሬ መልካም ሆኖ ዘነበ። በገበያ ላይ ሲሥቁብኝ ዋሉ፤ እኔም ፊጽሮይን አስቤ አብሬአቸው ሣቅሁ። በሚቀጥለው ወቅት ግን ጎረቤቴ መጥቶ፣ «ዘንድሮስ ባሕሩ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰው የሚያምነው ፈጽሞ የማይሳሳተውን አይደለም፤ የሚያውቀውን ሳይደብቅ፣ የማያውቀውንም ሳይጨምር የሚነግረውን ነው።

በዝናብ ምክንያት የጸሎትና የትምህርት ሰዎች እንዲጣሉም አልሻም። አያቴ ዱዓ ያደርግ ነበር፤ ነፋሱንም በጉንጩ ይለካ ነበር፤ አንዱ ሌላውን አልከለከለበትም። አንተም ከአያትህ ምልክቱን፣ ከባለሙያው መጠኑን ተማር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ለአየር ጠባይም ይሠራል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣሁት ጥያቄ ልመለስ። ባሕር የሌለው አገር ሰው ስለ ባሕር መማሩ ይጠቅመዋል፤ ባሕሩ በየዓመቱ እየመጣ ደጁን ይመታልና። ነገር ግን ትምህርቱ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ታስሮ ከቀረ በመካከለኛው ባሕር ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፤ ብዙ ይዘንባል፤ አንዲት አገዳ አያበቅልም። በሞሪሸስ ወደብ መርከበኛው ያየውን ለመምህሩ ነገረ፤ መምህሩም ለሌላው መርከበኛ። አንተም ዛሬ የተማርኸውን ማታ ከእሳት ዳር ለአባትህና ለእናትህ፣ ነገም በአጥሩ ማዶ ላለው ሰው ንገር። ዛሬ የማዳጋስካር ዐውሎ ነፋስ ወሬ ባንድ ቀን ከሚሴ ይደርሳል፤ ከእኔ ደጅ እስከ ጎረቤቴ ደጅ ያለችው ዐሥር እርምጃ ግን አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅታብኛለች። አንተ አታስረዝማት።